ደራሽ ውኃ፣ ደራሽ ቃል



ንግግሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። «በመጪዎቹ ቀናት በምዕራብ፣ በመካከለኛው፣ በሰሜን ምሥራቅና በምሥራቅ የአገሪቱ ክፍሎች በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ሊኖር ስለሚችል፣ ለቅፅበታዊ ጎርፍ ተጋላጭ በሆኑ አካባቢዎች የምትኖሩ ወገኖች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ እናሳስባለን።» ይህን የመሰለ ማሳሰቢያ በየክረምቱ ትሰማላችሁ። ዜናው አልቆ፣ ስፖርቱ አልፎ፣ ራት እየቀረበ ሳለ የሚነበብ ነው። እኔ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከሚያረቅቁት የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች አንዱ ነበርኩ። ሐሰት የለበትም። እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ ይገባል፤ «አንዳንድ ቦታዎች» እንበል ወይስ «ብዙ ቦታዎች» በሚለው ላይ ግማሽ ቀን የተከራከርንባቸው ጊዜያት አሉ።

አንድ ሐምሌ ማታ ተረኛ ሆኜ ሳለ ስልክ ጮኸ። ደዋዩ ከተራራ ሥር ካለ የቆላ ወረዳ የሚሠራ የእርሻ ባለሙያ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ በማታ ስላስቸገርኩ ይቅርታ። በሬዲዮ የተነገረውን ሰምተን ነው። ‹አንዳንድ ቦታዎች› ያላችሁት እኛን ይሆን?» አለኝ። ካርታውን አየሁ። የሳተላይቱን ምስል አየሁ። «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዘጋው። በዚያ ሌሊት በዚያ ወረዳ ምንም አልደረሰም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ሁሉ ለዚያ ሰው የዘገየ መልስ ነው።

መጀመሪያ ለምን «እናንተ ናችሁ» ወይም «አይደላችሁም» ልለው እንዳልቻልኩ ላስረዳ።

በእኛ ሙያ «ከባድ ዝናብ» የምንለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የወረደውን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። 30 ሚሊ ሜትር በአንድ ጋሻ መሬት ላይ ከወረደ ደግሞ 12 ሚሊዮን ሊትር ነው። ያው ውኃ ሜዳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ እያካፋ ቢወርድ ገበሬው አምላኩን ያመሰግናል። በ40 ደቂቃ ውስጥ፣ ሣርና ዛፍ በሌለው ገደላማ ቦታ ላይ ቢወርድ ግን አፈሩን፣ ድንጋዩንና ከሥሩ ያገኘውን ቤት ይዞ ይሄዳል። በመዝገባችን ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው። የዝናብ መለኪያው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፤ «30» ተብሎ ይጻፋል፤ ሌሊቱ እንዴት እንዳደረ ቁጥሩ አይናገርም።

ነጎድጓዳማው ደመና የሚወለደው እንዲህ ነው። ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል። ፀሐይ አፈሩን ታሞቀዋለች፤ እርጥበት ያዘለው አየር ሞቆ ይቀልልና ሽቅብ ይወጣል። ከፍ ሲል ይበርዳል፤ ሲበርድ እንፋሎቱ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። እንፋሎት ጠብታ ሲሆን ሙቀት ይለቃል፤ ያ ሙቀት አየሩን እንደገና ሽቅብ ይገፋዋል። ጥጥ የመሰለው ደመና በአንድ ሰዓት ውስጥ 12 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ቁመት ያለው ጥቁር ግንብ ይሆናል። ከውስጡ የበረዶ ፍንጣሪና በረዶ እየተላተሙ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ። በመጨረሻ የተሸከመው ውኃ ሲከብደው ይወርዳል፤ ሲወርድም ቀዝቃዛውን አየር ይዞ ይወርዳል። ዝናቡ ሳይደርስ ቀድሞ በሩን የሚያንገጫግጨው ነፋስ ይህ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ደመና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይኖርና ይፈርሳል። ስፋቱም ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ መንደር ሲታጠብ ጎረቤቱ አቧራ የሚጠርገው ለዚህ ነው።

አሁን የእኛን መሣሪያ ተመልከቱ። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ግንባር ቀደም የትንበያ ሞዴሎች አንዱ የሆነው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴል ምድርን በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከፋፈለ ያሰላል። ሞዴልን እንደ ወንፊት አስቡት። ጤፍ የሚነፋበት ወንፊት ሌላ ነው፣ ሽምብራ የሚነፋበት ሌላ ነው። ቀዳዳው 9 ኪሎ ሜትር በሆነ ወንፊት 5 ኪሎ ሜትር የሆነ ደመና ሾልኮ ይወድቃል። ሞዴሉ «በዚህ ሰፈር ነጎድጓዳማ ደመና የሚወልድ አየር አለ» ሊል ይችላል፤ ደመናው በየትኛው ሸንተረር ላይ እንደሚቆም ግን አያይም። የአገራችን መሬት ደግሞ ለወንፊት የሚመች አይደለም። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ቆሟል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ቆላም፣ ወይና ደጋም፣ ደጋም ይገኛል። በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሙሉ ተራራና አንድ ሙሉ ሸለቆ ይገባል፤ ሞዴሉ ሁለቱን አማካኝቶ አንድ ሜዳ ያደርጋቸዋል።

ሌላም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው የሚቲዎሮሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በኮምፒውተሩ አንድ ስሌት ሊደግም ፈለገና 0.506127 የሚለውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባ። ቡና ሊጠጣ ሄዶ ሲመለስ አዲሱ የአየር ጠባይ ከመጀመሪያው ጋር ፈጽሞ አልገጠመም። በመነሻው ላይ ያለ ኢምንት ስህተት እያደገ ሄዶ መላውን ሰማይ እንደሚለውጥ ያን ጊዜ ታየ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ስሌት ብቻ አይሠራም። ማዕከሉ መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እያዛነፈ 51 ጊዜ ያሰላል። ነገሩ 51 ሽማግሌዎችን ለየብቻ አስቀምጦ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ እንደመጠየቅ ነው። 45ቱ «ይዘንባል» ካሉ ፍርዱ ጠንካራ ነው። 20ው ካሉ የሚያሰጋ ነገር አለ፤ ግን ሰው ከቤቱ አይወጣም። ጥበቡ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ «70 በመቶ» የሚለውን ነገር በቀጥታ ልናገር፤ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከእርሱ ነውና። 70 በመቶ ማለት እንዲህ ያለ ሰማይ በታየባቸው 10 ቀናት ውስጥ በ7ቱ ይዘንባል፣ በ3ቱ አይዘንብም ማለት ነው። በሦስቱ ቀናት ተንባዩ አልዋሸም። ነገር ግን በሦስቱ ቀናት ጃንጥላ ይዞ የወጣው ሰው፣ ከብቱን ወደ ኮረብታ ነድቶ በባዶ የተመለሰው አርብቶ አደር «ዋሹን» ይላል። «ቀበሮ መጣ» እያለ መንደሩን የሚያሯሩጠው እረኛ ተረት ሁላችንም ውስጥ አለ። እረኛው ግን አውቆ ዋሽቶ ነበር። ተንባዩ አልዋሸም፤ ይህን ልዩነት ለሕዝብ ማስረዳት የነበረብን እኛ ነን። ለዓመታት እርግጠኝነታችንን አጋንነን፣ ጥርጣሬያችንን «ሊኖር ስለሚችል» በሚል ቃል ሸፍነን ተናገርን። ቁጥሩን ብንናገረው ሕዝቡ ይረዳው ነበር ብዬ አምናለሁ። በሬ ሲገዛ፣ እህል ሲያበድር፣ ልጁን ሲድር ዕድልንና ሥጋትን የሚመዝን ገበሬ መቶኛ አይገባውም ማለት ድፍረት ነው።

የወቅት ትንበያም እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ከክረምት በፊት «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ተብሎ ሦስት ቁጥር ይሰጣል። ምንም ነገር ባናውቅ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ያህል በደረሰው ነበር። «ከመደበኛ በላይ 45» ሲባል ሚዛኑ በጥቂቱ አጋደለ ማለት ነው እንጂ የጎርፍ ዓመት ነው ማለት አይደለም። ይሁንና ማጋደሉ ዋጋ አለው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ የሰላማዊ ውቅያኖስን አሞቀና በሰሜንና በምሥራቅ ዝናቡ ከዳ፤ በተከተለው ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈለገ። ኤልኒኖ ራሱ ግን፣ በተለይ ከሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል መሞቅ ጋር ሲገጣጠም፣ ለደቡብ ምሥራቁ ተቃራኒውን ያመጣል፤ በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የሆነው ይኸው ነው። ለብዙ ወቅቶች በድርቅ ከብቱን የቀበረ ሕዝብ የተረፈውን ጎርፍ ወሰደበት።

ይህን ያነሳሁት «የአገሪቱ ክፍሎች» የሚለው ሐረግ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት ነው። እኛ ከአዲስ አበባ «በጋ» የምንላቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ካሉት ወራት የመጀመሪያዎቹ ለቦረና ሐጋያ የሚባለው፣ ለሶማሌ ደይር የሚባለው ዝናብ የሚወርድባቸው ናቸው። ዋናው ዝናባቸው ደግሞ እኛ በልግ በምንለው ጊዜ ይመጣል። ዝናቡ የሚመጣበትም መንገድ ይለያያል። በክረምት የምዕራቡን ደጋ የሚያጠግበው እርጥበት ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል ሲመጣ፣ የደቡብ ምሥራቁ ከሕንድ ውቅያኖስ ይመጣል። «የበጋው ደረቅና ነፋሻማ የአየር ጠባይ» ብለን ስናነብ ቀላፎ ላይ ዋቢ ሸበሌን እየተጠባበቀ የተቀመጠው ሰው ስለ ሌላ አገር የምናወራ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኛ በጽሑፋችን «ቅፅበታዊ ጎርፍ» እንላለን። ሕዝቡ ከእኛ በፊት የራሱ ቃል ነበረው፤ «ደራሽ ውኃ» ይላል። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። «ቅፅበታዊ» የሚለው ስለ ፍጥነቱ ብቻ ይናገራል፤ ውኃው ከየት እንደመጣ ዝም ይላል። «ደራሽ» ግን ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የሚመጣ ነው። ተነሥቷል፣ መንገድ ላይ ነው፣ ይደርሳል። በዚህ ቃል ውስጥ ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ በመካከሉ ያለ ጊዜ አለ። የተፋሰስ ሳይንስ በሙሉ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኛ ተርጉመን ያመጣነውን ቃል መረጥን። ይህ ምርጫ ከቃል አልፎ አሳብ ላይ ደርሷል ብዬ እፈራለሁ፤ ሰውን «በእናንተ ላይ ይዘንባል» እያልን ስናስጠነቅቅ የሚገድለው ውኃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእርሱ ሰማይ አይደለምና።

ድሬዳዋን አስታውሱ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት፣ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን መታት። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ያ ሁሉ ውኃ የተሰበሰበው በላይ ካለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የደረሱበት ያልታወቁም ብዙዎች ነበሩ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ኦሞ ወንዝ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን ከበባቸው፤ ከ300 በላይ ሰዎችና ሺህ በሺህ ከብት አለቀ። ኦሞን የሞላው በታችኛው ኦሞ የዘነበው ዝናብ አልነበረም፤ ታችኛው ኦሞ ደረቅ ምድር ነው። ከጊቤና ከላይኛው ደጋ የወረደ ነው።

ጋምቤላ ላይ ባሮ ሲሞላ የዘነበው ኢሉባቦር ነው። አፋር ላይ አዋሽ ዳርቻውን ጥሶ ሲወጣ ውኃው የሸዋና የወሎ ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ በለድወይን የምትባለው ከተማ ስትሰጥም ውኃው የወረደው ከእኛ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ነበር፤ ደራሽ ውኃ ድንበር አያውቅም፤ የእኛ ማስጠንቀቂያ ግን ድንበር ላይ ይቆማል።

የጣናን ጉዳይ ለብቻው ላንሳው፤ ከጎርፍ ሁሉ ዝግተኛው ስለሆነ ይዘነጋል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እንላለን። ለዝናብ ይህ በመጠኑ እውነት ነው፤ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ሰማዩ በሰሜን መለሳለስ ይጀምራል። ለሐይቅ ግን እውነት አይደለም። ጣና ከገባር ወንዞቹ የተቀበለውን ውኃ ቀስ እያለ ያጠራቅምና ከፍተኛው ልክ ላይ የሚደርሰው በመስከረም ነው። የፎገራና የደምቢያ ሰው ችቦ አብርቶ፣ ሙልሙሉን በልቶ፣ ክረምቱን ሸኘሁ ባለበት ሰሞን ውኃው ሩዙንና ጤፉን አልፎ ወደ በሩ ይመጣል። መሬቱም እንዲሁ ነው። በሰኔ የወረደ 30 ሚሊ ሜትር የተጠማ አፈር ይጠጣዋል፤ በነሐሴ የወረደው ያው 30 ሚሊ ሜትር ግን የጠገበ መሬት ላይ ስለሚያርፍ አብዛኛው ይፈስሳል። ስለዚህ ዝናብን ብቻ መተንበይ አይበቃም፤ መሬቱ ምን ያህል እንደጠገበ ማወቅ አለብን።

የጠገበ መሬት ሲናድ ምን እንደሚሆን ጎፋ አሳይቶናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሰማ። በቋንቋችን «ደራሽ» የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም አለው፤ በችግር ቀን ፈጥኖ የሚመጣ ሰው ነው። «ደራሽ አጣ» ማለት የሚረዳው ሰው አጣ ማለት ነው። በዚያ ቀን ደራሽ አልታጣም። ሰው አካፋና ዶማ ይዞ፣ ባዶ እጁንም ቢሆን ሮጦ ወጣና አፈሩን መቆፈር ጀመረ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነርሱ ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። አንድ ጊዜ የተናደ ገደል፣ ዝናቡ ካላባራና አፈሩ ካልጠነከረ፣ እንደገና እንደሚናድ ባለሙያ ያውቃል። ይህን እውቀት ከዚያ ዳገት ሥር ያደረሰው ሰው አልነበረም። እኔ ስለ ሙያዬ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ስለ መብረቅ ጥቂት ልበል። ልጅ ሆነን ዝናብ ሲያስገመግም ቀይ ልብስ አውልቁ፣ መስታወት ሸፍኑ እንባል ነበር። መብረቅ ቀለም አይመርጥም። የሚፈልገው ከፍ ብሎ የቆመን ነገር ነው፤ ስለዚህ በሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ከዝናብ መጠለያ መስሎ ሰውን ይገድላል። ከብት በአንድ ምት በርከት ብሎ የሚሞተው ደግሞ ኤሌክትሪኩ በመሬት ውስጥ ስለሚሰራጭ ነው፤ የፊትና የኋላ እግሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ በመካከሉ ልብ አለ። የትኛው ዛፍ እንደሚመታ ማንም ተንባይ አይነግራችሁም። ነገር ግን ርቀቱን ራሳችሁ ልትለኩ ትችላላችሁ። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ እያንዳንዱ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትቆጥሩ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ወደ ጠንካራ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። እረኞቻችን ልጆች ናቸው። ይህን ከፊደል ጋር አብረን ብናስተምራቸው ምንም ወጪ የለውም።

መሣሪያው እየተሻሻለ ነው፤ ይህን በደስታ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የመጠቀው አዲሱ የሜቴኦሳት ሳተላይት አፍሪካን ጨምሮ መብረቅን ከሰማይ ሆኖ ይከታተላል፤ የደመናውን ምስልም በየ10 ደቂቃው ይልካል። በቡርኪና ፋሶ የተሞከረ ሌላም ብልሃት አለ፤ የሞባይል ስልክ ማማዎች እርስ በእርስ የሚላላኩት ሞገድ በዝናብ ይደክማል፤ ድካሙን በመለካት ዝናቡን ማወቅ ይቻላል። ራዳር ውድ በሆነበት፣ ተራራም ጨረሩን በሚከልልበት እንደ እኛ ባለ አገር እያንዳንዱ ማማ የዝናብ መለኪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአየር ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር አየሩ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፤ ስለዚህ ዝናቡ በመጣ ቀን ከአባቶቻችን ዘመን የበረታ ሊሆን እንደሚችል አስበን መሣሪያችንን ማብዛት አለብን።

መሣሪያ ብቻ ግን ሰው አያድንም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 በጀርመን አገር አር በሚባል ሸለቆ በአንድ ሌሊት ከ130 በላይ ሰዎች በጎርፍ ሞቱ። ጀርመን ራዳር አላጣችም፤ የከባድ ዝናቡም ማስጠንቀቂያ ከቀናት በፊት ወጥቶ ነበር። ቃሉ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲጓዝ ውኃው ቀደመው። በሌላ በኩል ባንግላዴሽን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው ገደለባት። ድሃ አገር ናት፤ ነገር ግን ዛሬ ከ70,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች አሏት፤ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ባንዲራ ሰቅለው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ በብስክሌትና በእግር ከበር ወደ በር ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ብርቱ ማዕበል ሲመታት የሞቱት 3,400 ገደማ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይህም ሙሉ ሐዘን ነው። ሆኖም ልዩነቱን ያመጣው በር የሚያንኳኳው ሰው ነው።

በእኛ አገር ዝናቡን የሚለካው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ወንዙን የሚለካው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሰውን ከቦታው የሚያስወጣው ሦስተኛ መሥሪያ ቤት። በሦስቱ መካከል ደብዳቤ ይሄዳል። ውኃው ደብዳቤ አይጠብቅም። እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ መጀመሪያ የማደርገው ማስጠንቀቂያውን በወንዝ ስም ማውጣት ነው። «በምሥራቅ የአገሪቱ ክፍሎች» ከማለት «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከደቻቱ በላይ ባለው ደጋ ከባድ ዝናብ ያሰጋል፤ በወንዙ ዳር ያላችሁ ሌሊቱን ንቁ» ማለት። ወንዙን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ቀጥሎ በአፋርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በኑዌርኛ፣ በዳሰነች ቋንቋ ማውጣት። ሌሊት የሚመጣ ውኃ ስላለ በሬዲዮ ብቻ ሳይወሰኑ ከደብሩ አለቃና ከመስጊዱ ኢማም ጋር አስቀድሞ መስማማት፤ ደወሉና ድምፅ ማጉያው በየመንደሩ አለና። እያንዳንዱ ወረዳም «ይህን ያህል ሲዘንብ እነዚህ ቤቶች ይወጣሉ፣ ወደዚህ ኮረብታ ይሄዳሉ» የሚለውን በበጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ ልብ ሲረጋ፣ ጽፎ ማስቀመጥ። ጎርፍ ከመጣ በኋላ ስብሰባ አይቀመጡም።

ያ የእርሻ ባለሙያ ከሁለት ክረምት በኋላ እንደገና ደወለ። ድምፁን ለየሁት። «ጋሼ፣ ያ ‹አንዳንድ ቦታዎች› ብዬ የጠየቅሁዎት ሰው ነኝ» አለኝ። የሚስቱ ወንድም በላይኛው ደጋ፣ የወንዛቸው መነሻ አጠገብ ይኖራል። ዝናብ በበረታ ቁጥር እንዲደውልለት ተስማምተዋል። እርሱ ደግሞ ጥሪው ከመጣበት ጀምሮ ውኃው ታች እስኪደርስ በሰዓት እየያዘ በደብተር ይጽፋል። «ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ስድስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ከብቱ ወጥቷል፣ እናቶችና ሕፃናቱ ከኮረብታው ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ውኃውም በሰዓቱ መጥቶ አልፏል። አሁን ሕዝቡ ‹አልፏል፣ እንመለስ› እያለ ያስቸግረኛል። ከላያችን ያለው ደመና አልቋል ወይስ ገና ነው?»

የሳተላይቱን ምስል ከፈትኩ። ከተራራው ጀርባ፣ ከመጀመሪያው ደመና በስተኋላ፣ ሌላ ነጭ ግንብ እየተነሣ ነበር።

«ገና ነው» አልኩት። «ከኋላው ሌላ አለ። እስኪነጋ አንድ ሰው እንዳይወርድ።»

«እሺ ጋሼ» አለና፣ ስልኩን ሳይዘጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ሕዝቡ ሲጣራ ሰማሁት።